ከዓሣው ጋር የተሸጠው አውሬ

በወደብ ከተማዋ በጋዲር የባሕር አውሬዎች ሁሉ አባታቸው አንድ ሰው ነበር፤ የአሪሻት ባል፣ ሟቹ ሙቱን። የባሕሩ በር ከሆኑት ሁለት የዓለት ዓምዶች ወዲያ በውጭው ባሕር የሚኖረውን ጢማም የባሕር በሬ የፈጠረው እሱ ነው። መርከብ አንቆ የሚያስቀረውን የባሕር ሣር የዘራው እሱ ነው። ውኃው እንደ ምስር ድስት የሚንተከተክበትን ቦታም ጥዶት የሄደው እሱ ነው። ሲያንኮራፋ ማዕበል የሚያስነሳው ባለ አንድ ጥርስ ዓሣ ደግሞ፣ ሙቱን እስኪሞት ድረስ ቢክድም፣ የአሪሻት እናት ነበረች።

ነገሩ ለቀልድ አልነበረም። ቆርቆሮና ወርቅ የሚመጣበትን መንገድ ባዕድ እንዳያውቀው ነው። ከውጭው ባሕር የተመለሰ መርከብ መልሕቁን ከጣለ በኋላ፣ አንድም ሰው ሳይወርድ፣ መርከበኞቹ እዚያው ጭነቱ ላይ ተቀምጠው በአንድ ውሸት ይስማማሉ፤ የጋዲር ወግ ይኸው ነው። ሳይስማሙ የወረዱ እንደሆነ መሸታ ቤት ውስጥ አንዱ «ጢም አለው» ሲል ሌላው «የለም፣ ቀንድ ነው ያለው» ይልና ግሪኮቹ ይነቃሉ። የነቃ ግሪክ ደግሞ በነጋታው ሸራውን ዘርግቶ መንገዱን ይዞታል። ሙቱን የሚጠራው ለዚህ ነበር። መርከቡ ላይ ወጥቶ የት እንደነበሩ ያዳምጣል፣ ጢሙን ያሻል፣ ከዚያ እንደ ልብስ ሰፊ ለየመንገዱ ልክ የሆነ አውሬ ይሰፋላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ግሪክ ዓምዶቹ ጋ ደርሶ፣ ውኃውን አይቶ፣ ሆዱን ይዞ ተመልሷል።

የአሪሻት መከራ የጀመረው ታዲያ ከዚሁ ነው። የልጅ ልጇ ገርሳኮን ያደገው የአውሬዎቹን ወሬ እየሰማ ሳይሆን አውሬዎቹ ሲሠሩ እያየ ነው። እናቱ ስትወልደው ሞታ፣ አባቱ ጢሮስ ሄዶ ሌላ አግብቶ ሲቀር፣ ልጁ ገና ጥርስ ሳያወጣ እሷ እጅ ላይ ወደቀ። የሌላ ሰው ልጅ «ጢማሙ መጣብህ!» ሲባል አልጋ ሥር ይገባል፤ ገርሳኮን ግን ሙቱን ጉልበት ላይ ተቀምጦ «ጢሙን ቀይ እናድርገው» ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ በምን ታስፈራሪዋለሽ? አሁን ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ሆኖ እንኳ፣ እሱ ሲያስነጥስ እሷ ከእንቅልፏ ትነሳለች። እሱ ግን የሚፈራው ነገር የለም። ከጢማሙም ከሣሩም የከፋው ይህ ነው።

ወሬውን የሰማችው ዓሣ ጨው ከምታስገባበት ቤት ከሚሠሩት ሴቶች ነው። ባለ መርከቡ ቦድመልቀርት ትልቁን መርከቡን እያስጠገነ ነው። ወደ ደቡብ ሊልከው አይደለም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆርቆሮው አገርም አይደለም። ፀሐይ ወደምትጠልቅበት፣ ማንም ወዳልሄደበት ነው። መሪ መቅዘፊያውን ከሚይዙት ሁለት ሰዎች አንዱ ደግሞ ገርሳኮን ነው።

ልጁ ሲመጣ አሪሻት የቱና ዓሣ ሆድ እየዘረገፈች ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«እውነት ነው?»

«ምኑ፣ እምዬ?»

«ምኑ ይለኛል! ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ከአንጀት አጣቢ ልስማው?»

ገርሳኮን የጨው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ልነግርሽ ነበር እኮ። ቢላዋ ያልያዝሽበትን ሰዓት ስጠብቅ ነው፤ መቼም አታስቀምጪውም።»

«እዚያ ጢማሙ አለ!»

«ጢማሙ ጢሙ የቀላው በእኔ ምክር ነው።»

«ሣሩስ?»

«ሣሩን ማን አስጨመረው? ‹ይሄ መንገድ ቀለለ፣ ሣር ጣልበት› ያልሽው አንቺ ነሽ።»

አሪሻት ማለቷ ትዝ አላት፤ ትዝ ስላላት ደግሞ ተናደደች። «የሚያንኮራፋውስ?»

«እሷማ ሞታለች፣ እምዬ። ቀብሯ ላይ ሁለታችንም ነበርን።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። አሪሻት ዞር ስትልባቸው ሁሉም ዓሣ ማጠብ ጀመሩ።

ገርሳኮን ከቀበቶው ውስጥ ቡናማ፣ ልብ የሚመስል፣ የተሰነጠቀ ፍሬ አወጣ። ይህን ፍሬ የምዕራብ ነፋስ ሲበረታ ባሕሩ ዳር ላይ ይተፋዋል። የጋዲር እናቶች ጥርስ የሚያበቅል ልጅ አንገት ላይ ያስሩታል፤ የባሕር እንቁላል ነው ይላሉ።

«ሰንጥቄ አየሁት፤ እንቁላል አይደለም። ፍሬ ነው። ፍሬ ደግሞ ከዛፍ ነው የሚወርደው። ዛፉ የት አለ? እኛ ዘንድ የለም። ከባሕሩ በስተደቡብ ባለው ምድር በሊቢያም የለም። ጢሮሶችን ጠየቅኳቸው፣ አያውቁትም። ነፋሱ ከምዕራብ ሲሆን ብቻ ይመጣል። ዛፍ ውኃ ላይ አይቆምም፣ እምዬ፤ ሥሩን የሚተክልበት መሬት አለ ማለት ነው።»

«ዛፉ ናፍቆን ከሆነ ዛፉ ይምጣ! እኛ ምን ቤት ነን?»

ልጁ ብቻውን አልነበረም እኮ። ከተማው ሁሉ በዚህ ነገር አብዶ ነበር። አንዱ ወንዝና ጫካ ያለባት ትልቅ ደሴት አለች ይላል። ሌላው ባሕሩ ዞሮ ዞሮ በወርቅ አገሩ በኦፊር ጀርባ ይወጣል፣ ጢሮስን በጓሮ በር እንገባባታለን ይላል። ለፈርዖን ተቀጥረው የሊቢያን ምድር ዙሪያውን በመርከብ የዞሩትን መርከበኞች የሚያነሳም አለ። እነዚያ ሰዎች ሲመለሱ «ወደ ምዕራብ ስንቀዝፍ የቀትር ፀሐይን በቀኛችን አየናት» ቢሉ፣ የሙቱንን ጢማም አንድ ሳያስቀር የዋጠ ግሪክ ሁሉ «ይሄንንስ ለልጆቻችሁ ንገሩ» ብሎ ሳቀባቸው። ከወሬው ሁሉ እውነት የነበረችው ግን ያቺ ብቻ ነበረች።

«ባሕር ሰው ይበላል፣ ገርሳኮን» አለች አሪሻት፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አያቴ ወጣትነቱን ሙሉ ውጭው ባሕር ላይ ኖረ። የሞተው የት ነው? እዚህ! ከዚህ በር ፊት ለፊት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ጠጥቶ ውኃው ውስጥ ወድቆ። እንግዲህ አደገኛው ወደቡ ነው ማለት ነው። ከዚህ ርቄ መሄዴ ለጤናዬ ነው።»

አሪሻት የያዘችውን አንጀት ወረወረችበት። አልሳተችውም።

በማግስቱ ወደ ከተማዋ አምላክ ወደ መልቀርት ቤተ መቅደስ ሄደች። እዚያ ሴትና ዐሣማ እንደማይገቡ ጋዲር ውስጥ የማያውቅ የለም። ደጃፉ ጋ ስትደርስ የአንድ ገበሬ ዐሣማ አምልጦ መጥቶ ጥላው ውስጥ ተጋድሟል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ካህኑን ጠበቁ። ካህኑ ራሱን ተላጭቶ፣ በባዶ እግሩ፣ ነጭ በፍታ ለብሶ ብቅ አለ።

«ደፉን አትርገጪ።»

«አልረግጥም። ይሄኛውም አይረግጥም፤ ተስማምተናል። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። የቦድመልቀርትን መርከብ አምላክ ፈቅዶለታል?»

«ለመሥዋዕት የታረደው በግ ጉበት ታይቷል። መልካም መንገድ ነው።»

«በጉን ያመጣው ማነው?»

«ቦድመልቀርት ነዋ።»

«ጉበቱንስ የበላው?»

ካህኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ መልቀርት ራሱ እስከ ምድር ምዕራብ ዳር ተጉዟል። ልጅሽ በአምላኩ ፈለግ ሲሄድ ደስ ሊልሽ ይገባል።»

«እሱማ አምላክ ነው፣ ጉንፋን አይዘውም! የኔ ልጅ ደረቱ ደካማ ነው! የሌሊት ቁር አይችልም! መርከቡ አፍንጫ ላይ የሰቀላችሁት ያ ድንክ አምላክስ ቦርጩን ከመንፋት በቀር ምን ያውቃል? ብርድ ልብስ ይደርብለታል?»

ካህኑ በሩን ዘጋው። ዐሣማው ቀና ብሎ አያትና መልሶ ተኛ።

አሪሻት ወደ ቤቷ ስትመለስ በሙቱን ተናደደች። አውሬውን ሁሉ ለግሪክ አድሎ፣ ለቤቱ አንድ እንኳ ሳያስቀር ሞተ። ከዚያ መንገድ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። የጋዲር መርከበኛ የሚስቀው አውሬው የቤት ሥራ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የማን እጅ እንደሰፋው፣ ጢሙን ማን እንዳቀላው ስለሚያውቅ ነው። እሱ ያልሠራው አውሬ ቢመጣበትስ? ከባዕድ አፍ ቢመጣበትስ?

በዚያው ሰሞን ማሳልያ ከተባለው የግሪኮች ከተማ የሚመጣው ነጋዴ ሊኮን የጨው ዓሣ ሊገዛ መጣ። ቀላ ያለ፣ ወሬ ሲሸት አፍንጫው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። አሪሻት ሙቱን የሚለውን አልረሳችም፤ «ለግሪክ ውሸት አትንገሪው፤ ደብቂበትና ይስረቅሽ» ይላት ነበር። ስለዚህ ዓሣውን እያገላበጠች ከረዥም ትንፋሽ ጋር «ወይ የሰው ልጅ!» አለች። ከዚያ ዝም።

«ምን ሆንሽ፣ እናቴ?»

«ምንም። ይሄኛው ይሻልሃል፣ ሆዱ ወፍራም ነው።»

«አልቅሰሻል እንዴ?»

«የጨው ነው።» ደግሞ ተነፈሰች። «በቃ ተወኝ። ባወራ ያርዱኛል።»

የሊኮን አፍንጫ ተንቀሳቀሰ። ለማንም እንደማይናገር በአማልክቱ ሁሉ ማለላት፤ ብዙ ስለሆኑ ጊዜ ወሰደ። አሪሻት በሩን ዘግታ፣ ሴቶቹን ውኃ ቅዱ ብላ አስወጥታ፣ ጆሮው ጋ ተጠጋች።

«ወደ ምዕራብ የሄዱ ልጆች ነበሩ። የተመለሰው አንድ ነው፤ እሱም ብዙ አልቆየም። አመሻሽ ላይ አንድ ነገር ከመርከቡ ጎን ይመጣል አለኝ። መልክ የለውም። አይነክስም፣ አይጮህም። ሰውየውን በስሙ ይጠራዋል፤ በገዛ እናቱ ድምፅ።»

«ምን... ምን ይለዋል?»

«‹በልተሃል ወይ፣ ልጄ?›»

ሊኮን የያዘውን ዓሣ አስቀመጠ።

«በልቻለሁ ያለው ይተርፋል» አለች አሪሻት። «አልበላሁም ያለውን ‹እንግዲያው ና ግባ› ይለዋል። ሰውየውም እንደ ቤቱ ደጃፍ ተራምዶ ከመርከቡ ጫፍ ወደ ውኃው ይገባል። ጫማውን የሚያወልቅም ነበር አለኝ። መርከበኛ ደግሞ መቼ ጠግቦ ያውቃል?»

ሊኮን እናቱ ከሞተች ቆይታለች መሰለኝ፣ ፊቱ እንደ አይብ ነጣ። ዓሣውን ሳይከራከር ገዛ። አሪሻት ሁለት ምራቂ ጨመረችለትና ሸኘችው። ከሄደ በኋላ ግን ለራሷም ቀፈፋት፤ ያን ዕለት ወደ ባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት ሳይመሽ ከረቸመችው።

አውሬው ማሳልያ ደርሶ፣ እዚያ ሰብቶ፣ በሌሎች ግሪኮች መርከብ ተመልሶ መጣ። አሪሻት የሰማችው መሸታ ቤቱ ጓሮ ዓሣ ልታስረክብ ቆማ ነው። አንድ ጎልማሳ ግሪክ ጠረጴዛ ላይ በጡጫው እየመታ ይናገራል፤ አውሬው አሁን ሦስት አፍ አለው፣ የግሪኩን አጎትም ወስዷል። የጋዲር መርከበኞች መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሳቁ ግን አልመጣም።

«ይሄ የማን ነው?» አለ አንዱ በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ።

«የሙቱን ይሆናላ።»

ሻፋጥ፣ የቦድመልቀርት ዋና መሪ፣ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ራሱን ነቀነቀ። «የሙቱንን አንድ ባንድ አውቃቸዋለሁ፤ ከጎኔ ተቀምጦ ነው የሰፋቸው። ሙቱን ጢም ሳያበቅልለት አውሬ ከእጁ አይለቅም። ይሄ የእኛ አይደለም።»

«የእኛ ካልሆነ...»

ጽዋዎቹ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አንዱ መርከበኛ የእኅቱ ሠርግ ትዝ አለው፤ ሌላው ወገቡን ታመመ፤ ሌላው ደግሞ ሚስቱ በድንገት አሳዘነችው፣ ከዚያ በፊት አሳዝናው የማታውቅ ሴት። አሪሻት ቤቷ ገብታ ሽምብራ ቀቀለች፣ ምርጡን የዓሣ መረቅ አፈሰሰችበት። ገርሳኮን ሲበላ ዝም ብሎ ያያት ነበር። ምነው አለችው። ምንም አላት።

በነጋታው ቦድመልቀርት ሰውን ሁሉ ወደቡ ላይ ሰበሰበ። ወፍራም ነው፤ የገመድ ክምር ላይ ሲወጣ ሁለት ሰው ደግፎት ነው።

«ፈሩ አሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «እሺ፣ ልጠይቃችሁ። አውሬ የሚፈጥረው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ራሱ መለሰው።

«የሚደብቀው ያለው! እኛ ጢማሙን ለምን ፈጠርን? ቆርቆሮ ስላለን! ሣሩን ለምን ዘራን? ወርቅ ስላለን! ታዲያ ግሪክ አውሬ ፈጥሮ፣ እዚህ ድረስ ተሸክሞ አምጥቶ፣ በነጻ የሚያወራልን እኛን ስለሚወደን ነው?»

ወደቡ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲገባው ይታይ ነበር፤ ነፋስ ሸራ ላይ እንደሚገባ።

«ደርሰውበታል!» አለ ሻፋጥ በግንባሩ ላብ እየወረደ። «ምዕራቡን ደርሰውበታል፣ እነዚህ ሌቦች!»

ወገቡ የታመመው ሰው ዳነ። ሠርጉ ተላለፈ። ከዚያ በፊት ያልተመዘገበው ሁሉ እኔም እሄዳለሁ ብሎ ተጋፋ፤ መርከቡም ግሪኮቹ ሳይቀድሙ ይውጣ ተባለ፤ ለወሩ መጨረሻ የታሰበው ጉዞ ለሳምንት ሆነ። አሪሻት ቅርጫቷን ታቅፋ እዚያው ቆማለች። በገዛ እጇ፣ ከምራቂ ጋር!

የቦድመልቀርት ግቢ እስክትደርስ እግሯ መሬት አልነካም። ይህ ሰው አፍንጫው ሲዝረከረክ በቀሚሷ ጫፍ የጠረገችለት ልጅ ነው።

«ቦዶ፣ አውሬው የእኔ ነው።»

«የቱ አውሬ፣ እትዬ አሪሻት?»

«‹በልተሃል ወይ› የሚለው። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ለሊኮን ከዓሣ ጋር የሸጥኩለት እኔ ነኝ።»

ቦድመልቀርት መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አዘነላትና እጇን ያዘ። «እትዬ፣ ልጅዎ ስለሚሄድ ተጨንቀዋል፤ ይገባኛል። ግን ይሄን የመሰለ አውሬ ተራ ሰው አያወጣውም። አፈሩ ይቅለለውና ሙቱን እንኳ አይችለውም።»

አሪሻት ደስ ይበላት ወይስ ትምታው ግራ ገባት። «ለምንድነው የማልችለው? ሣሩን ማን ያስጨመረው ይመስልሃል?»

«ሣሩ ጥሩ ነበር። ይሄ ግን ሌላ ነው። ሰውን ከውስጡ ገብቶ ነው የሚይዘው። ይሄ የተማረ ግሪክ ሥራ ነው።»

«የተማረች ዓሣ ጨው አስገቢ ሥራ ነው እንጂ! በመልቀርት እምላለሁ!»

«እሱን እንኳ ተዉት፣ ደጃፉ ላይ ያደረጉትን ሰምቻለሁ» አለና ማር የተቀባ ቂጣ አስይዞ ሸኛት።

ገርሳኮንን ባሕሩ ዳር፣ መረብ ከሚሰጣበት ቦታ አገኘችው። ጠዋት ነው፤ ገመድ እየፈተሸ ነበር። አሪሻት ከጎኑ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ለዚህ አይመችም፣ ግን ተቀመጠች።

«አውሬው ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ» አላት ቀና ሳይል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግሪኩ ‹በልተሃል ወይ› ብሎ እንደጀመረ። በዚህ ዓለም ሰውን ሊበላ መጥቶ፣ አስቀድሞ እሱ መብላቱን የሚጠይቅ ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ሰዎቹ ሲፈሩስ?»

«ያንቺን ስም ማንሳት አልፈለግኩም። ደግሞ...» ፈገግ አለ። «ቆንጆ አውሬ ነበር፣ እምዬ። ለሁለት ቀን እኔም አመሻሽ ላይ ጠግቤ ነው የወጣሁት።»

አሪሻት አልሳቀችም። ባሕሩን አየችው። የዚያን ቀን ለጥ ያለ ነበር፤ እንደተነጠፈ ጨርቅ።

«ስማኝ» አለች። «አሁን አላስፈራራህም። እዚያ ጢም ያለው የለም። ሣርም የለም፣ የሚጠራም የለም። አያትህን ሲያወጡት እዚህ ቆሜ ነበር። የነከሰው ነገር አልነበረም። ልብሱ እንኳ አልተቀደደም። እንደዚህ ያለ፣ እንደዛሬ ያለ፣ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ውኃ ነው። እስከ ወገብ ነበር፣ ገርሳኮን። ተነስቶ መቆም ይችል ነበር። አንተ ስትስቅበት ሁልጊዜ አብሬህ እስቃለሁ፤ ቤት ገብቼ ግን ያንን ወገብ አስባለሁ። ያ ሰው ሕይወቱን ሙሉ አውሬ ሲሰፋ የኖረው ለግሪክ ብቻ አልነበረም። ውኃ ብቻ መሆኑን ላለማሰብ ነው። እኔ ውኃውን ነው የምፈራው።»

ልጁ ገመዱን ለቀቀው።

«አልቀርም፣ እምዬ» አለ፣ እንደ ይቅርታ።

«አውቃለሁ። አትቅር። አንድ ነገር ግን ማልልኝ። የምትጠጡት ውኃ እኩሌታው ያለቀ ዕለት መርከቡን ታዞረዋለህ። ምንም ብታይ። ምንም ቢሉህ። ግማሹ ለመሄጃ፣ ግማሹ ለመመለሻ።»

«ሻፋጥ ነው እኮ አዛዡ።»

«መቅዘፊያው በአንተም እጅ ነው። ማል!»

«በመልቀርት...»

«መልቀርት እኔን አያውቀኝም። በእኔ ማል።»

ማለላት። የዚያን ጊዜ አልሳቀም።

ጉዞው ሲነሳ ከተማው ሁሉ ወጣ፤ ካህኑ ዕጣን አጤሰ፣ ቦድመልቀርት አለቀሰ። አሪሻት ሁለት ብርድ ልብስ፣ ደረቅ በለስ፣ ለደረቱ የሚቀባ ዘይት፣ ለጆሮው የበግ ጠጉር አስገባችለት፤ ሌሎቹ መርከበኞች ሲሳለቁ ለእነሱም ለጆሯቸው ሰጠቻቸው። ከዚያ ሸራው ትንሽ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ።

የጠበቀችበትን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገር? ሰው በልቶ ያልበላ፣ ተኝቶ ያልተኛ ሲሆን እንዴት ይነገራል? በለሱ ተለቅሞ አለቀ። ቱናው በመጣበት ተመልሶ ሄደ። አሪሻት ዓሣ ጨው ስታስገባ እጇ እየሳተ፣ በዚያ ወቅት ከጋዲር የወጣ ዓሣ ሁሉ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ግሪኮቹ ግን አዲስ አሠራር ነው ብለው ወደዱት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጩኸት ሰማች። ቢላዋውን እንደያዘች ሮጠች። የመርከቡ ሸራ ተቀዳዷል፣ ከድንኩ አምላክ በላይ የተቀረጸው የፈረስ ራስ አንድ ጆሮው የለም፣ ሰዎቹ ግን ተሟልተው ቆመዋል። እነዚህ ሰዎች ወጉን ረስተውታል፤ በአንድ ውሸት ሳይስማሙ እየተሰዳደቡ ይወርዱ ጀመር። ፊተኛው ሻፋጥ ነው፤ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ፤ ከንዴቱ የተነሳ መከባበሩ ሁሉ ቀርቷል። «አንቺ! ወፎች አይተናል፣ ይሰማሻል? የባሕር ወፍ አይደለም፤ ዛፍ ላይ የሚያድር ወፍ! ቅጠሉ ያልደረቀ፣ አበባው ያለበት ቅርንጫፍ ከውኃው አወጣን! ከትናንት ወዲያ የተቆረጠ ይመስል ነበር! አንድ ቀን! ወደ መሬቱ የቀረን ቢበዛ ሁለት ቀን ነው! ይሄ ያንቺ ልጅ ውኃው ተጋመሰ ብሎ መቅዘፊያውን አንቆ ያዘ። ብንለምነው፣ ብንመታው፣ ‹ለእምዬ ምያለሁ› ይላል! ለእምዬ!»

«መታችሁት?» አለች አሪሻት።

ሻፋጥ ቢላዋውን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ቦድመልቀርት የገመዱ ክምር ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። «አንድ ቀን» ይላል። «በአንዲት አሮጊት የተነሳ! ልጆቻችን ምን ይሉናል?»

«ለመመለሻችሁ የቀራችሁ ውኃ ምን ያህል ነበር?» አለችው ሻፋጥን።

ሻፋጥ ፊቱን ወደ መርከቡ አዞረ። ከኋላው ግን ወገቡ የታመመው ሰውዬ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ቆሟል፤ ለብቻው፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ትናንት ጠዋት የመጨረሻውን የውኃ ማሰሮ ገለበጥነው፤ ባዶ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ የሚሰድባት አልተገኘም። የሚያመሰግናትም አልተገኘም፤ ወንዶቹ እያጉረመረሙ ውኃ ወደሚጠጡበት ሄዱ። ገርሳኮን በመጨረሻ ወረደ። ከስቷል፤ ከግራ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። አሪሻት ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፣ አዞረች፣ ጆሮውን አየች፣ ደረቱ ላይ ጆሮዋን አሳረፈች። እዚያው ሕዝቡ መሃል። ልጁም አልከለከላትም።

ቤት አስገብታ ሾርባ አቀረበችለት። እሱ ማንኪያውን ይዞ ተክዟል።

«ቅርንጫፉን በእጄ ነው የያዝኩት፣ እምዬ። እውነት ነበር። የሻፋጥ ውሸት አይደለም።»

«መሬቱ የትም አይሄድም። ብላ።»

በላ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ግን ዓይኑ ሲርቅባት፣ ያንን ያላየውን ዳርቻ ሲያይ ታያት። እንደገና እንደሚሄድ ገባት፤ ዛሬ ወይ ነገ ባይሆንም። ወንበሩን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገች።

«አበባው ምን ይመስል ነበር?» አለችው።

ገርሳኮን ቀና አለ። ስለዚያ መሬት ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ነበር።

«እየበላህ ንገረኝ» አለች።